ካሜራ ከመግዛትሽ በፊት ቬንትሌተሩን አጥፊ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«የምኖረው ድሬ፣ ሳቢያን ነው። እናቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ ትኖራለች፤ 76 ዓመቷ ነው። ጥር ላይ ታናሽ እህቴ ታገባለች። ወንድሜ ከአሜሪካ እየመጣ ነውና ‹የቪዲዮ ካሜራ ላምጣልሽ ወይ?› አለኝ። እኔ ደህና ስልክ አለኝ። ስልኬ ይበቃል ወይስ ካሜራ ይሻላል? የእናቴን ታሪክም መቅረጽ እፈልጋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። ደግሞ በሕይወት የሌለው አባቴ ያለበት የድሮ የቪዲዮ ካሴት አለን። ማጫወቻው የለንም። ምን ይደረግ?»

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይበረክትምና «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። እኔም ድሬ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከ20 ዓመት በላይ ካሜራ ተሸክሜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሠርግ፣ ኒካ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ተዝካር ሳይቀር ቀርጫለሁ። የቤተሰብ ቪዲዮ እንዴት እንደሚበላሽም በደንብ አውቃለሁ፤ አንዳንዱን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ።

ለሚቸኩል ሰው መልሱ ይኸውና፦ ስልክሽ ይበቃል። ወንድምሽ ከካሜራው በፊት ማይክ ያምጣ። ቀሪው ምክንያቱ ነው።

አባዬን የቀረጽኩት በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ከዚራ ቤታችን፣ ሳሎን ውስጥ። የድሬን ሰኔ ታውቂዋለሽ፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ቬንትሌተሩ ጣሪያው ላይ ይሽከረከራል። በእጄ የነበረው ሚኒ ዲቪ ካሴት የሚጎርስ የሠርግ ካሜራ ነው። ያኔ ያን የመሰለ የያዘ ሰው በሰፈሩ ይከበር ነበር። አባዬ የምድር ባቡር ሰው ነው። አንድ ካሴት ሙሉ፣ 60 ደቂቃ አወራልኝ። ስለ ጅቡቲ መስመር፣ አይሻ ጣቢያ ስላደረበት ሌሊት፣ እናቴን እንዴት እንዳገኛት። እኔ መብራቱን፣ ከለሩን፣ ፎከሱን ሳስተካክል ኢርፎን ጆሮዬ ላይ ማድረግ ረሳሁ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ከፍቼ ሳየው የሚያወራው ቬንትሌተሩ ነው። ሽው፣ ሽው፣ ቋ። ሽው፣ ሽው፣ ቋ። በመሀል «አይሻ» የምትል ቃል ትሰማለች። አንድ ቦታ ላይ ይስቃል፤ ምን እንዳሳቀው አላውቅም። እንደገና እንዳልቀርጸው እሱ አርፏል። ምስሉ ግን ቁልጭ ያለ ነው። የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል።

ስለዚህ ሰው «የትኛው ካሜራ ጥሩ ነው?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቤትሽ ቬንትሌተር አለ?» ብዬ ነው። ይስቁብኛል።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ስልኩ ወይም ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ከሰውየው አፍ ሁለት ሜትር ይርቃል። ቬንትሌተሩም ከማይኩ ሁለት ሜትር ነው። ማይክ እንደ ሰው ጆሮ አይመርጥም፤ የመጣለትን ሁሉ ይውጣል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው የድምፅ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ማይኩን ከሁለት ሜትር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ብታቀርቢው ደግሞ ጉልበቱ መቶ እጥፍ ያድጋል። ውዱ ካሜራ ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ ይህን ሊሰጥሽ አይችልም። ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽዬ ማይክ ግን ትሰጥሻለች።

ማይኩን ስትመርጪ ባለ ገመዱን እመክርሻለሁ። ገመድ አልባዎቹ ያምራሉ፣ ለቲክቶክም ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ቻርጅ ይፈልጋሉ፣ ትንንሽ ስለሆኑ ይጠፋሉ፣ ርካሾቹ ደግሞ መሀል ላይ ይቆራረጣሉ። የባለ ገመዱ ሽቦ አምስት ስድስት ሜትር ስለሚሆን ሳሎን ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። ወንድምሽ ከመግዛቱ በፊት የስልክሽን ቀዳዳ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። ታይፕ ሲ ነው? የድሮው ክብ የኢርፎን ቀዳዳ ነው? የአይፎን ነው? በማይገባ ማይክ የሞላ መሳቢያ ያላቸው ቤቶች አውቃለሁ። ጫፉ ላይ የምትለበሰው ጥቁር ስፖንጅ እንዳትጣል፤ የንፋስ መከላከያ ናት።

ማይክ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የሌላ ሰው ስልክ ተዋሺ። ድምፅ መቅጃውን ከፍተሽ እናትሽ አጠገብ፣ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጪው። ጨርቁ የጠረጴዛውን ንዝረት ይይዝልሻል። ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንዴ ጨብ አድርገሽ አጨብጭቢ። በኋላ ስታቀናብሪ የጭብጨባውን ድምፅ ከእጆችሽ መገናኘት ጋር ታገጥሚዋለሽ። እኛም በሥራ ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሐረርን ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ላውጋሽ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ላይ ነጋዴ ሆኖ ሲኖር ከአገሩ የፎቶ ካሜራ አስመጥቶ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን አንስቶ ፎቶዎቹን ለእናቱና ለእህቱ ላከ፤ መልኩን እንዲያዩት ያህል ነው። ፎቶዎቹ ነጣ ብለዋል። እሱም ሲልካቸው ያጠበባቸውን ውኃ ነው የወቀሰው። እንደ ነጡም ቢሆን ፊቱ ዛሬ ድረስ አለ። ድምፁ ግን የለም። የአጼ ምኒልክን ድምፅ ደግሞ አስቢው። ይንኮሻኮሻል፣ ምስል የለውም፣ ግማሹን ቃል ለመያዝ ጆሮ መቀሰር ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ስትሰሚው ሰውነትሽን ውርር ያደርገዋል። ፎቶ እያየሁ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

አሁን ወደ ካሜራው ልምጣ፤ ወንድምሽ እንዳይቀየመኝ።

የቪዲዮ ካሜራ፣ ያ በአንድ እጅ የሚያዘው ሃንዲካም የሚባለው፣ ዛሬም ከስልክ የሚበልጥበት ቦታ አለ። አንደኛ እውነተኛ ዙም አለው። ሌንሱ ራሱ ተንቀሳቅሶ ያቀርባል። ሁለተኛ ባትሪው ይቀየራል። ሦስተኛ ሳይቆም ለረጅም ሰዓት ይቀርጻል። አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ቆመሽ የሙሽራዋን ፊት ለማግኘት ይህ ጥሩ ነው። ብርሃን ሲያንስ ግን የዛሬው ደህና ስልክ ይበልጠዋል፤ የርካሾቹ ሃንዲካሞች ሴንሰር ከጥፍርሽ ያነሰ ነው። ማታ ፋላና በር ወጥታችሁ ጅብ ሲበላ ብትቀርጪበት የምታገኚው ጥቁር ነጠብጣብና ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ነው።

ካመጣልሽም አይቀር የሚከተለውን ይይ። በካርቶኑ ላይ «ኦፕቲካል ዙም» የሚለው ስንት ነው? «ዲጂታል ዙም» የሚለውን ቁጥር ከነጭራሹ አትዩት፤ ምስሉን ቆርጦ ማጉላት ነው፣ ያን ስልክሽም ያደርገዋል። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጡ፣ «4ኬ»፣ «48 ሜጋ ፒክስል»፣ «16 እጥፍ ዲጂታል ዙም» ተብሎ በትልቁ የሚጻፍባቸው፣ ስማቸው ተሰምቶ የማያውቅ ካሜራዎች አሉ። ማይክና ኮፍያ የመሰለ መከለያ ሳይቀር ተጨምሮባቸው ይመጣሉ። አቦ፣ ይቅርብሽ። ሌንሳቸው አይንቀሳቀስም፣ ፎከሳቸው የደነዘዘ ነው። ከነሱ የታወቀ ብራንድ ያገለገለ ካሜራ ይሻላል። ቀጥሎ የማይክ ቀዳዳ እንዳለው ይታይ። የታወቁት ብራንዶች ርካሽ ሞዴሎች ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ሶኒ ሲኤክስ 405 ጥሩ የቤተሰብ ካሜራ ነው፣ 30 እጥፍ ኦፕቲካል ዙም አለው፣ የማይክ ቀዳዳ ግን የለውም። ድምፅ እንዴት እንደማየው ከነገርኩሽ በኋላ ይህን ማሰብ የአንቺ ፋንታ ነው።

ካሜራው ከአሜሪካ ስለሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የእነሱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ቻርጀሩ ላይ በትንንሽ ፊደል «ኢንፑት 100-240» የሚል ካለ እዚህ ሶኬት ላይ ሰክተሽ መተኛት ትችያለሽ። 120 ብቻ ካለ እንዳትሰኪው፤ ሽታውን አውቀዋለሁ። ሁለተኛው ነገር ከፍሎረሰንት ጋር ይያያዛል። የእኛ ፍሎረሰንትና አንዳንድ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይናችን አያየውም። የአሜሪካ ካሜራ ግን በሰከንድ 30 ወይም 60 ፍሬም ስለሚቀርጽ ከመብራታችን ጋር አይገጥምምና ምስሉ ላይ ጥላ መስመር ይንሸራተታል። ብዙ ሰው «ካሜራው ተበላሽቷል» ብሎ ታይዋን ገበያ ወስዶ ያስፈታዋል። አልተበላሸም። ሻተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማቆም ይበቃል። አይፎንም ተመሳሳይ ነገር ያሳይሻል፤ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ የፓል ፎርማትን (እንደ እኛ ባለ 50 ኸርዝ አገሮች የሚሠራበትን የቪዲዮ ስልት) አብሪና በ25 ፍሬም ቅረጪ።

ሌንሱ የሚፈታው ትልቁ ፎቶ ካሜራስ? ለእኔ ሥራ ነው። ለአንቺ ሸክም ነው። ፎከሱን ስታሳድጂ ልጁ ሮጦ ያልፋል። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቀጥ ይላሉ። ምክንያቱ አስቂኝ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ነው። በአውሮፓ ቀረጥ የተነሳ የድሬ ሙሽራ ምርቃት መሀል ላይ ሲቆረጥ አይቻለሁ።

ስለዚህ ወንድምሽ ይህን ያምጣ፦ አንድ ባለ ገመድ ማይክ፣ ስልክ የሚይዝ አንድ ጠንካራ ስታንድ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ። ገንዘብ ከተረፈው ካሜራውን ይጨምርልሽ።

ስልክሽን ለቀረጻ ስታዘጋጂ ብዙ ውጣ ውረድ የለውም። ሌንሱን ጥረጊ። በእውነት፣ ከሚመጡልኝ የደበዘዙ ቪዲዮዎች ግማሹ የጣት ቅባት ነው። መጀመሪያ ግን አቧራውን እፍ በይው፤ የድሬ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ስላለበት በቀሚስ ጫፍ ካሸሽው ይጭራል። ስልኩን አጋድሚው። አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው፤ እናትሽ ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ደውሎ «ምሳ በላሽ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከፊት ሳይሆን ከኋላ ባለው ካሜራ ቅረጪ። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣትሽ ተጭነሽ ስታቆዪው ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት አያስፈልግሽም፤ ከሱ ዝቅ ያለው 1080 ይበቃል። በአይፎን ልኬት 1080 በደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋ ባይት ይወስዳል፣ 4ኬ ደግሞ ከ170 እስከ 350። የአንድ ሰዓት ወግ በ4ኬ ስልኩን ይሞላዋል፣ ያግለዋልም። አይፎን የተሠራው እስከ 35 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ነው። የድሬ ቀትር ከዚያ ያልፋል። ቀትር ላይ ስልኩ ራሱን ቢያጠፋ አትፍረጂበት።

አሁን እናትሽ ጋ እንሂድ።

ሐረር መቀረጻቸው ዕድል ነው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የደንገጎን ዳገት ከወጣሽ በኋላ ቬንትሌተር የሚባል ነገር ይረሳል። ጠዋት ሂጂ። የጀጎልን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ወፍራም ግድግዳ ነው፣ መስኮቱ ጥቂት ነው፣ ብርሃኑ የሚገባው በበሩ በኩል ነው። እናትሽን ከበሩ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አስቀምጪያቸው። አንቺ ጀርባሽን ለበሩ ሰጥተሽ፣ ከብርሃኑ ትንሽ ወደ ጎን በይ። በሩን ከኋላቸው ካደረግሽው ጥላ ብቻ ነው የምታገኚው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታስተካክዪ ከፊልም ሰሪዎች መብራት የማያንስ ነገር አለሽ። ፊታቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ይነበባል፣ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድና ጎድጓዳ ሳህን ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

ስታንዱን በተቀመጡበት ዓይናቸው ቁመት ልክ አድርጊው። ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ሽማግሌ ተከሳሽ ይመስላል። ማይኩን ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገሽ ሰኪ። ነጠላ ከለበሱ በነጠላው ሥር አትደብቂው፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ሽርር ይላል። ሃያ ሰከንድ ቅረጪና አጥፍተሽ በኢርፎን አዳምጪ። ይህችን ሃያ ሰከንድ እኔ አባዬ ላይ አልሰጠኋትም።

አዛን ካለ ጠብቂ። ወይም እሱንም ለብቻው ቅረጪው። የቤቱን ድምፅ ማንም ሳያወራ አንድ ደቂቃ መቅረጽ ጥሩ ልማድ ነው፦ ጀበናው፣ የጎረቤት ልጅ፣ በአጥሩ ማዶ የሚያልፈው ሰው። የጀጎሏ የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ እኮ ስሟን ያገኘችው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። የሰፈር ድምፅ ይጠፋል። ያ የድሮው ባቡር ፊሽካ ድሬን ስንት ዓመት ሲቀሰቅስ ኖሮ ዛሬ በስልኬ ላይ ፈልጌ አላገኘውም።

የሚከብደው ወሬውን ማስጀመር ነው። «እማዬ፣ ታሪክሽን ንገሪን፤ ካሜራው በርቷል» ካልሽ አለቀ። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ የትውልድ ቦታና ዘመን ይነግሩሻል፣ ከዚያ «ምን ልበል እንግዲህ» ይመጣል። አንድ ዕቃ እጃቸው ላይ አስቀምጪ። የድሮ ፎቶ፣ ሙዳይ፣ የአባትሽን ሰዓት፣ የሠርጋቸውን ሻሽ። እጅ ዕቃ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ጥያቄሽም ጠባብ ይሁን። «ልጅነትሽ እንዴት ነበር?» ከማለት «ያኔ ውኃ ከየት ነበር የምትቀዱት? ማን ነበር አብሮሽ የሚሄደው?» ብትዪ ውኃውን ተከትሎ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል።

ከዚያ ዝም በይ። ለኛ አገር ሰው ይህ ከባድ ነው። ሰው ሲያወራ «እ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «እሺ» እያልን ነው የምንሰማው፤ አለማለት ነውር ይመስለናል። ማይኩ ግን የአንቺን «እ» በእሳቸው ቃል ላይ ይደርበዋል። በራስሽ ነቅንቂ፣ በዓይንሽ ተገረሚ። ሲያቆሙም ቶሎ አትሙዪው። እስከ አምስት ቁጠሪ። ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው። «በቃ ጨረስን» ካልሽም በኋላ ካሜራውን አታጥፊ። ሰው ማይኩን የረሳ ጊዜ ነው ራሱን የሚሆነው።

በርጫ ላይ እንቅረጽ የሚሉም ይመጡብኛል። ወሬው እውነት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይደራል። ግን ጉንጩ የተሞላ ሰው ቃል ጨርቅ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው የሚሰማው። በቡና ሰዓት ይሻላል፤ ቡናው ሲወቀጥ ግን ጠብቂ።

እጃቸውን ቅረጪ። ቡና ሲለቅሙ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ የበሩን ቁልፍ ሲያዞሩ። ስልኩን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ አሥር ሰከንድ ሳትንቀሳቀሺ። ወደ ግራ ወደ ቀኝ አታዙሪው፣ ዙም እያደረግሽ አታቅርቢ፤ ማቅረብ ከፈለግሽ በእግርሽ ሂጂ። ጀማሪ ካሜራ ይዞ ግድግዳ ቀለም እንደሚቀባ ሰው ያወዛውዘዋል። አሥር ሰከንድ የቆመ ምስል ስታዪው አጭር ይመስልሻል። ከ15 ዓመት በኋላ አጭር አይሆንም።

ሠርጉ ላይ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ባለሙያ ቅጠሩ፣ አንቺ ካሜራማን አትሁኚ። የሙሽራዋ ታላቅ እህት ነሽ። እኛ ባለሙያዎቹ የምንቀርጸው ይታወቃል፦ መኪናው፣ ኬኩ፣ ቀለበቱ፣ ከላይ ድሮን። ሠርግ ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ስም ብቻ ነው የሚቀየረው። እኛ የማንቀርጸውን አንቺ ያዢ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ጓሮ ድስት የሚያማስሉት ሴቶች እየተሳሳቁ የሚሉትን። ሙሽራዋ ሜካፕ ሳትቀባ ቁርስ ስትበላ። አጎቶች ድንኳኑ ሥር ስለ ወንበር ቁጥር ሲጨቃጨቁ። እናትሽ ልጃቸው ከቤት ስትወጣ ጎረቤት ተደግፈው የሚቆሙባትን ቅጽበት። አሥር አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ ስልኩን ኪስሽ ከትተሽ ጨፍሪ። ለቀጠርሽው ሰውም ከወዲሁ ንገሪው፦ የተቀናበረውን ብቻ ሳይሆን ጥሬውን ቪዲዮም በሃርድ ዲስክ እፈልጋለሁ በዪው። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ እኛ ሙዚቃ ነው የምንደርብበት። ጥፋታችን ነው፤ ምርቃቱ ጥሬው ላይ ግን ይኖራል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሰላችበት ክፍል ነው። ማስቀመጥ።

በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ምን እንደሆነ ለድሬ ልጅ አልነግርም። ሰው ያለቀበት ሌሊት ነው፤ ስለ ዕቃ ማውራት ያሳፍራል። ግን ከሳምንታት በኋላ ወደ እኔ የመጡትን አልረሳቸውም። አንዲት እናት «የልጄን ሠርግ አንተ ነህ የቀረጽከው፤ ቅጂ አለህ?» ብለው በር ላይ ቆሙ። የእሳቸው ካሴት ከቤቱ ጋር ሄዷል። እኔም አልነበረኝም። ያኔ ካሴቱ ውድ ስለነበር ለሚቀጥለው ሠርግ በላዩ ላይ እንቀርጽ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ሃርድ ዲስክ ያልኩሽ ለቅንጦት አይደለም። አንዱ ሳቢያን አንቺ ጋ ይሁን፣ አንዱ ሐረር እናትሽ ቁምሳጥን ውስጥ። አንድ ዓይነት ነገር ሁለት ከተማ። ጎርፍም እሳትም ሌባም ደንገጎን ባንድ ቀን ወጥቶ አይወርድም። ሐረር በሄድሽ ቁጥር አዲሱን ጨምሪበት። ምርጥ ምርጡን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪ፤ ጉግል ላይ 15 ጊጋ ባይት በነጻ ታገኛለሽ። ፍላሽ ዲስክ ማመላለሻ ነው እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ሲዲና ዲቪዲም ሙቀትና ፀሐይ ይጎዳቸዋል። ለወንድምሽ በቴሌግራም ስትልኪ «እንደ ፋይል» ብለሽ ላኪ፤ እንደ ቪዲዮ ከላክሽው ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል።

ሚሞሪ ካርድ ከገዛሽ፣ የትም ግዢው የት፣ ከቀረጻ በፊት እስከ ጢሙ ሙዪውና የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ክፈቺ። ላዩ ላይ 256 የተጻፈበት፣ ውስጡ 32 ብቻ የሆነ ካርድ ሞልቷል። ሲሞላ አይነግርሽም። ዝም ብሎ ይውጠዋል።

ፋይሎቹንም ስም ስጫቸው። «2018 ጥቅምት፣ እማዬ፣ ስለ ውኃ መቅዳት» ይበቃል። ስልኩ የሚሰጠውን ቁጥር ከልጅ ልጆችሽ አንዱም አይከፍተውም።

በመጨረሻ ካሴቱ። ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ስለሆነ ከጥር በፊት ይሠራ። ካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ከኖረች ስበሪያት፤ ከዚያ በኋላ በስህተት በላዩ ሊቀረጽ አይችልም። በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን እዪው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ማጫወቻ ውስጥ አይግባ፤ ራሱንም ይበላል፣ ማጫወቻውንም ያበላሻል። ለሚያጸዳ ሰው ስጪው። ንጹሕ ከሆነ ከቆርቆሮው ሥር አውርደሽ፣ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል አስቀምጪው። ሐረር ይሻላል።

የቪኤችኤስ፣ ማለትም የዚያ የድሮው የቪዲዮ ካሴት፣ ማጫወቻ አዲስ አይገኝም። በዓለም ላይ የቀረው የመጨረሻው አምራች በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁሟል። ግን የድሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ሰዎች ቤት፣ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አይጠፋም፤ ጠያይቂ። መጀመሪያ በማይጠቅም ካሴት ይሞከር። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመዱ ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ መቅጃ በኩል ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ሶፍትዌሩ ላይ «ፓል» ይመረጥ። የአባትሽ ካሴት ከማጫወቱ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይጠምጠም፤ ለዓመታት የተጣበቀው ይላቀቃል። የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የሚያፈጥን መንገድ የለም። ካሴቱን ለማንም ሰጥተሽ «ነገ እመጣለሁ» ብለሽ አትሂጂ። ለእኔም ቢሆን። አጠገቡ ተቀመጪ።

ሲገለበጥ እናትሽን ድሬ አውርጂያቸው። አባትሽ ስክሪኑ ላይ ሲያወሩ ስልክሽ ስታንድ ላይ ይሁን። ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እናትሽ አዙሪው። ማይኩን ሰኪላቸው፣ በሩን ክፈቺው፣ ቬንትሌተሩን አጥፊ።